ናትናኤል ሃይሞር (1613–1685)፦ በላይኛው መንጋጋ ውስጥ ያለውን ዋሻ ያስተዋወቀው ሐኪም

የጥርስ ሐኪም የላይኛውን መንጋጋ በነካ ቁጥር አንድ ስም ያጋጥመዋል። ከመንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፣ ከዓይን ጉድጓድ በታች፣ በአፍንጫና በጉንጭ መካከል የሚገኘው በአየር የተሞላ ባዶ ቦታ በአናቶሚ መጻሕፍት የሃይሞር ዋሻ ተብሎ ሲጠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ ሳይነስ ብሎ ቢጠራውም የቀድሞው ስም ከመጻሕፍት አልጠፋም። ይሁን እንጂ ስሙን በፈተና ወረቀት ላይ የጻፈ ሁሉ የሰውየውን ማንነት ያውቃል ለማለት አይቻልም።

ጉዳዩ ለአገራችን ሐኪም ሩቅ አይደለም። በጥንት ስሟ ሄርማታ ትባል የነበረችው ጅማ፣ በሸዋና በካፋ መካከል ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ገበያ ሆና የተነሣች ከተማ ናት፤ ዛሬም ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራና ከሰቃ የሚመጣው ሰው ቡናውንም ሕመሙንም ይዞ የሚገባው ወደ እርሷ ነው። የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ የተበላ ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ጥርሱን ለማዳን የሚቻልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ መፍትሔው መንቀል ብቻ ይሆናል። ጥርሱ ተነቅሎ ሕመሙ ሲቆም ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ የአጥንቱ ታሪክ ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈው ያው ሰው ቋሚ ጥርስ እንዲተከልለት ሲጠይቅ፣ ጥርሱ በነበረበት ስፍራ ላይ በራጅ ፊልሙ የሚታየው አጥንት ሳይሆን የሃይሞር ዋሻ ነው። ስለዚህ የዚህን ሐኪም ሕይወት ማወቅ የታሪክ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለዕለት ሥራም የሚበጅ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ናትናኤል ሃይሞር በ1613 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ፣ በሐምፕሻየር አውራጃ፣ ፎርዲንግብሪጅ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱም እንደርሱ ናትናኤል የሚባሉ ሲሆኑ በዶርሴት አውራጃ የፐርስ ኮንድል ደብር ቄስ ነበሩ። ልጁ የአባቱን የክህነት መንገድ ትቶ የሕክምናን መንገድ መረጠ። በ1630ዎቹ መጀመሪያ፣ ይኸውም በእኛ አገር አፄ ፋሲለደስ በነገሡበት ዘመን፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ሆነ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሕክምናን አጥንቶ በ1640ዎቹ መጀመሪያ በዶክተርነት ማዕርግ ተመረቀ።

በዚያ ዘመን የሕክምና ትምህርት በአመዛኙ የመጽሐፍ ትምህርት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የግሪኩ ሐኪም ጋሌን ያስተማረው ሁሉ እንደ ሕግ ይጠቀስ ነበር። ጥርስ መንቀል ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሚመጥን ሥራ ተደርጎ ስለማይቆጠር ለፀጉር አስተካካዮችና በየገበያው ለሚዞሩ ጥርስ ነቃዮች የተተወ ነበር። ሐኪሙ መጽሐፉን፣ ነቃዩ ጉጠቱን ይዞ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይኖሩ ነበር ማለት ይቻላል። የሃይሞር ስም ከጥርስ ሕክምና ጋር የተቆራኘው በእነዚህ በሁለቱ ዓለማት መካከል የወደቀች አንዲት በሽተኛ ወደ እርሱ በመምጣቷ ነው።

ከሃርቬይ ጋር መወዳጀት

በ1628 ዓ.ም. ዊልያም ሃርቬይ ደም በልብ እየተገፋ በመላ አካል ይዞራል የሚለውን ትምህርት በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ይህም ከጋሌን ትምህርት ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ስለነበረ ብዙ ሊቃውንት ተቃወሙት። በ1642 ዓ.ም. በንጉሥ ቻርልስ 1ኛና በፓርላማው መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ የንጉሡ ሐኪም የነበረው ሃርቬይ ንጉሡን ተከትሎ ወደ ኦክስፎርድ ገባ። በትሪኒቲ ኮሌጅ ከወዳጆቹ በአንዱ ክፍል ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ እንድትቀመጥ ተደርጎ፣ ሃርቬይ እንቁላሉን በየዕለቱ እየሰበረ የጫጩቱን አፈጣጠር ይመረምር ነበር። ከተማይቱ በወታደር ተሞልታ ሳለ ሊቁ በእንቁላል ላይ አጎንብሶ ይውል ነበር። ሃይሞርም ከዚህ ታላቅ ሰው ጋር ተወዳጅቶ፣ የሰው ልጅ አካል የሚታወቀው በመጥቀስ ሳይሆን በማየት መሆኑን ከእርሱ ተማረ።

ለቡና አገር አንባቢ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሃርቬይ ቡና በለንደን ሳይለመድ በፊት ቡና የሚወድ ሰው እንደነበረ የዘመኑ ጸሐፊ ጆን ኦብሪ መዝግቧል። ከትሪኒቲ አጠገብ ባለው በቤሊዮል ኮሌጅም በ1630ዎቹ አንድ የቀርጤስ ሰው ቡና ሲጠጣ መታየቱ በታሪክ ተጽፏል። በየመን በኩል ወደ አውሮፓ የገባው ይህ ተክል መነሻው ከካፋና ከጅማ አካባቢ ዱር በመሆኑ፣ በሄርማታ ገበያ ዙሪያ የበቀለው ፍሬ አዲሱ አናቶሚ በተወለደበት ሠፈር እንግዳ አልነበረም።

የ1651 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት

ሃይሞር በዶርሴት በምትገኘው በሸርበርን ከተማ ተቀምጦ ያክም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሌለባት የገጠር ከተማ ብትሆንም ከዕለት ሥራው የተረፈውን ጊዜ በምርምር ስላሳለፈ፣ በ1651 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መጻሕፍት አወጣ። አንደኛው በላቲን ተጽፎ በሆላንድ በሄግ ከተማ የታተመውና ለሃርቬይ የተበረከተው የሰው አካል አናቶሚ ነው። የደምን ዝውውር ተቀብለው መላውን የሰውነት አሠራር በዚያው መሠረት ላይ ካስረዱት የአናቶሚ መማሪያዎች የመጀመሪያው ተብሎ ይታወቃል። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈውና ለሮበርት ቦይል የተበረከተው ስለ ሕያዋን አፈጣጠር የሚናገረው መጽሐፍ ሲሆን፣ በዚህ ሥራው በማጉያ መሣሪያ ያየውን ጭምር አስፍሯል።

ሰውየው ግን በሁሉም ነገር ዘመኑን ቀድሞ የሄደ አልነበረም። በዚሁ በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ ቁስሉን ሳይነካ ከሩቅ ይፈውሳል ይባል ስለነበረው ዱቄት የሚደግፍ ጽሑፍ አክሏል። የዶሮን ሽል በትዕግሥት የመረመረው ዓይን ወሬውን በዚያው ትዕግሥት አልመረመረውም። ይህ መነገሩ ክብሩን አይቀንሰውም፤ የሙያ ሰው የሚታመነው ባየው መጠን ብቻ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

የወይዘሮዋ ጉዳይ

ስሙን ለትውልድ ያቆየለት ታሪክ በአናቶሚ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። አንዲት ወይዘሮ በጥርስ ሕመም ለረጅም ጊዜ ስትሠቃይ ኖራ ብዙ ጥርሶቿን አስነቅላ ነበር። በመጨረሻ የላይኛው የግራ ክራንቻዋ ሲነቀል፣ ጥርሱን ከላይኛው ባዶ ስፍራ የሚለየው ስስ አጥንት አብሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀዳዳው በኩል ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይወርድ ጀመር። ወይዘሮዋ ፈሳሹ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ፈልጋ በገዛ እጅዋ ቀጭን የብር ወስፌ ወደ ቀዳዳው ብትሰድ ወስፌው ወደ ዓይንዋ አቅራቢያ እስኪደርስ ድረስ ገባ። ይህም አላጠግባት ስላለ የላባ እንጨት ከጭገሩ አጽድታ ብትጨምር፣ ርዝመቱ በሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ገባላት። ይህን ጊዜ ላባው ወደ አንጎሏ የዘለቀ መሰላትና እጅግ ደነገጠች።

ሃይሞር ዘንድ በመጣች ጊዜ ሐኪሙ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ነገሩን መረመረ። ላባው ወደ ላይ አልወጣም ነበር፤ በባዶው ስፍራ ውስጥ ተጠምዝዞ ነበር እንጂ። በጉንጯ አጥንት ውስጥ እንዲህ ያለ ዋሻ መኖሩ በሽታ ሳይሆን የሰው ሁሉ አፈጣጠር መሆኑን፣ ወለሉ እጅግ ስስ መሆኑን፣ የጥርስ ሥሮችም ወደዚሁ ወለል የሚጠጉ መሆናቸውን አስረዳት። ወይዘሮዋም ፍርሃቷ ተወግዶ የሚወርደውን ፈሳሽ በትዕግሥት መቻልን ለመደች። ቀዳዳዋ አልተደፈነም፤ በዚያን ጊዜ የሚደፈንበት ጥበብ አልነበረም። ያገኘችው ሕክምና እውነቱን በሚገባት ቋንቋ መስማት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዋሻውን በመጀመሪያ ያየው ሃይሞር አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1489 ዓ.ም. አካባቢ የራስ ቅልን ሲሥል ይህንኑ ስፍራ አስቀምጦት ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን ለብዙ ዘመን ሳይታተሙ ኖሩ። የሃይሞር ድርሻ ስፍራውን በግልጽ መግለጹና፣ ከሁሉ በላይ፣ ከጥርስ ሕመም ጋር አያይዞ ማስተማሩ ነው። አናቶሚው ከመጽሐፍ ወርዶ ከበሽተኛ ጋር የተገናኘው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1660 ዓ.ም. ሃይሞር ስለ ሂስቴሪያና ስለ ሐሳብ ሕመም ሁለት ድርሳናት አሳተመ። በዚህም ምክንያት የበሽታውን ምንጭ ከአንጎል ጋር ከሚያያይዘው ከታዋቂው ሐኪም ከቶማስ ዊሊስ ጋር በጽሑፍ ተከራከረ፤ በ1670 ዓ.ም. ያወጣው መልስም የክርክሩ ክፍል ነው። የኋለኛው ዘመን ምርምር ወደ ዊሊስ አዘንብሏል። ሃይሞር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከሸርበርን አልወጣም። በ1685 ዓ.ም. ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ሲያርፍ አባቱ ባገለገሉበት በፐርስ ኮንድል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

በዚሁ ዘመን በጀርመን አገር በዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር የተባለ መምህር ነበር። ከሃይሞር በአንድ ዓመት ያንሳል፤ የሞተውም በ1680 ዓ.ም. ነው። ይህ ሰው የአፍንጫ ፈሳሽ ከአንጎል ይወርዳል የሚለውን ጥንታዊ እምነት አፍርሶ፣ ፈሳሹ የሚመነጨው የአፍንጫን ውስጠኛ ክፍል ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን መሆኑን አስረዳ። ዛሬ በላይኛው መንጋጋ ላይ ኢምፕላንት ለመትከል አጥንት የሚጨምር ሐኪም የሃይሞርን ዋሻ ከፍቶ የሽናይደርን ሽፋን በቀስታ ያነሣል። ወይዘሮዋን ያስደነገጣት ጥርጣሬ መልስ ያገኘው በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ሥራ ነው።

ከሃይሞር በኋላ የመጡት

ሃይሞር ዋሻውን አሳየ እንጂ ገብቶ አልሠራበትም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ዊልያም ካውፐር የመንጋጋ ጥርስ ነቅሎ በሥሩ ጉድጓድ በኩል የተጠራቀመውን መግል ማፍሰስ ጀመረ። በ1893 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ጆርጅ ካልድዌል፣ በ1897 ዓ.ም. የፓሪሱ አንሪ ሉክ እየራሳቸው በከንፈር ሥር፣ በአጥንቱ የፊት ግድግዳ በኩል የሚገባ ቀዶ ሕክምና ገለጡ። የካልድዌል-ሉክ ቀዶ ሕክምና የሚባለው ይኸው ነው።

ሌላው ጅረት ከስዊድን ፈለቀ። ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ሲመረምር፣ ከታይታኒየም የተሠራው መሣሪያው ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ አለው። ከዚህ ተነሥቶ በ1965 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በሽተኛ በታይታኒየም ኢምፕላንት አከመ፤ በ1982 ዓ.ም. በቶሮንቶ የተደረገው ጉባኤም ጥበቡን ለዓለም አስታወቀ። የታችኛው መንጋጋ ፊተኛ ክፍል አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ ሥራው በዚያ ሠመረ። የላይኛው መንጋጋ ኋለኛ ክፍል ግን አጥንቱ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ከመሆኑም ሌላ ከላዩ ባዶ ነው። ኢምፕላንት የሃይሞርን ዋሻ ሳያማክር ወደዚያ ሊገባ አልቻለም።

የዛሬው ሐኪም ምርጫዎች

ጥርስ ሲነቀል ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ ይመነምናል፤ ከሁሉ የበለጠው መቀነስ የሚታየውም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ዋሻው ራሱ ወደ ታች ይሰፋል። አጥንቱ እንግዲህ ከታችም ከላይም እየተበላ እንደሚሳሳ ግድግዳ ይሆናል። የቀረውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ሳይለኩ ምርጫ የለም፤ ልኩን በትክክል የሚያሳየውም ሦስት ገጽ ያለው የሲቲ ራጅ ነው።

ከዋሻው ወለል በታች 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ አጥንት ካለ፣ አጭር ወይም መደበኛ ኢምፕላንት አጥንት ሳይጨመር ሊተከል ይችላል። ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወለሉን በተከላው ቀዳዳ በኩል ከሥር በመጠኑ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ዘዴ በ1994 ዓ.ም. ያስፋፋው አሜሪካዊው ሮበርት ሰመርስ ነው። ከዚያ ሲያንስ በጎን በኩል መስኮት ከፍቶ፣ ሽፋኑን ሳይቀድዱ አንሥቶ፣ ሥሩን በአጥንት መሙላት ያስፈልጋል። ይህን መንገድ ሂልት ቴተም በ1970ዎቹ ጀመረው፤ ፊሊፕ ቦይንና ሮበርት ጄምስ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጡት። በዚህ ሥራ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ችግር የሽፋኑ መቀደድ ነው፤ የተጨመረው አጥንት እስኪጠና ድረስም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ዓመት ያላነሰ መጠበቅ ያሻል። እነዚህ ልኮች መመሪያ እንጂ የማይሻሩ ሕጎች አለመሆናቸው ግልጽ ነው።

ወደ ዋሻው ሳይገቡ መዞርም ይቻላል። ጥርሶቹ በሙሉ ላለቁበት ሰው ኢምፕላንቶቹን ከዋሻው ፊት ለፊት አጋድሞ መትከል፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ ሥራ የታወቀ መንገድ ነው። አጥንቱ ፈጽሞ ላለቀበት ደግሞ ብሮነማርክ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ርዝመት እስከ ጉንጭ አጥንት የሚዘልቀው ኢምፕላንት አለ። ይህ ግን ከዓይን ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍ ሥራ በመሆኑ ለሠለጠነ እጅ ብቻ የሚተው ነው። በመጨረሻም በሚገባ የተሠራ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ፤ ለብዙ በሽተኛ አቅም የሚስማማው እርሱ ስለሆነ እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባውም።

በሄርማታና በዙሪያዋ ለሚሠራ ባለሙያ ምርጫው ከሚሊ ሜትር በላይ ነው። የስኳር ሕመሙ ያልተገታ፣ ወይም ጫት ሲቅም ሲጋራ የሚያጨስ በሽተኛ አስቀድሞ ሊጠየቅና ሊመከር ይገባዋል። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ገበሬ በቡና መልቀሚያ ወራት ለተከታታይ ቀጠሮ ሊመለስ መቻሉ፣ ለከባዱ ሥራ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ማስፈለጉም የሕክምናው ዕቅድ ክፍል ነው። ከሁሉ በላይ የሚጨመረው አጥንት ምንጭ ይነገረው። ከራሱ አካል፣ ከሌላ ሰው ወይም ከከብት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ መስኮቱን የሚከድነው ሽፋንም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ሥጋ በማይነካበት አገር ሳይነግሩ መጠቀም በሽተኛውን ማታለል ነው። የከብት ምንጭ ያለው ሽፋንም ስለሚገኝ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ሕክምናውን አያስቀርም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የጉጠቱ ሰዓት ነው። ሊድን የሚችለውን ጥርስ ማዳን፣ የግድ ሲነቀልም ግድግዳውን ሳይሰብሩ በጥንቃቄ መንቀል፣ በሽተኛውም ከነቀላ በኋላ አጥንቱ ምን እንደሚሆን አውቆ እንዲሄድ ማድረግ ለማንኛውም ክሊኒክ የሚቻል ሥራ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ውድ መንገዶች በአብዛኛው ያን ሰዓት ያልተደረገውን ለመካስ የመጡ ናቸው።

ናትናኤል ሃይሞር ታይታኒየም አላየም፤ ራጅ አላነበበም፤ የወይዘሮዋንም ቀዳዳ አልደፈነም። ያደረገው ሁለት ነገር ነው፦ እጁን ከመስደዱ በፊት ስፍራውን አወቀ፤ ያወቀውንም ለፈራችው በሽተኛ በግልጽ ነገራት። በሽናይደር ሽፋን ሥር አጥንት የሚሞላው የዛሬ ሐኪም መሣሪያው እጅግ ይበልጣል። መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት የሚጠበቁበት ግዴታዎች ግን ከእነዚያ ከሁለቱ የተለዩ አይደሉም።